ባሃ ካሊፎርኒያን በሞተርሆም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሃ ሄጄ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ አንድ ነው፦ «አልተዘረፍክም?» ነዳጅ የት ይቀዳል የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በስተመጨረሻ፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ግን እሱ ነበር። እስካሁን በሞተርሆም፣ ማለትም አልጋና ኩሽና ባለው ቤት መኪና፣ ሦስት ጊዜ ሄጄ ተመልሻለሁ። ካስፈሩኝ ነገሮች መሃል ሌባ የለበትም። ጠባቡ መንገድ፣ ሲመሽ አስፋልት ላይ የሚቆመው ላምና የራሴ ችኮላ ናቸው ያስፈሩኝ። ከታች ያሉትን ጥያቄዎች ሳንዲዬጎና ሎስ አንጀለስ ያሉ ወዳጆቼ በስልክ፣ በሰርግ፣ አንዳንዴም በለቅሶ ቤት ጠይቀውኛል። መልሶቹን አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው።

ባሃ የት ነው? ካሊፎርኒያ አሜሪካ አይደለም እንዴ?

ስሙ ያሳስታል። «ባሃ» በስፓኒሽ ታችኛው ማለት ነው። ታችኛው ካሊፎርኒያ የሜክሲኮ መሬት ነው። ከቲዋና ይጀምርና በአንድ ጎኑ ፓስፊክን፣ በሌላው የኮርቴዝን ባሕር ይዞ እንደ ቀጭን ጣት ወደ ደቡብ የሚወርድ ልሳነ ምድር ነው። ሁለት ስቴቶች አሉት። ሰሜኑ ባሃ ካሊፎርኒያ፣ ደቡቡ ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር ይባላል። አብዛኛው በረሃ ነው።

ከላይ እስከ ታች የሚወስደው አውራ ጎዳና ቁጥር 1 ነው። ከቲዋና እስከ ካቦ ሳን ሉካስ 1,711 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የተመረቀው በ1973 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1966 መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት መሃለኛው ክፍል ጠጠርና አሸዋ ስለነበር ሞተርሆም ይዞ የሚሞክረው አልነበረም።

ስንት ቀን ይፈጃል?

ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ የሚነግራችሁን ሰዓት እርሱት። በሞተርሆም በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ጥሩ ነድታችኋል። በቀን 250፣ ቢበዛ 300 ኪሎ ሜትር ያዙ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነስታችሁ 9 ሰዓት ላይ ቁሙ። ሁለት ሳምንት ካላችሁ ሎሬቶ ደርሶ መመለስ ይበቃል። ካቦ ካልደረስን የምትሉ ሦስት ሳምንት ይዛችሁ ውጡ።

የእኔ አካሄድ ይኸው፦ የመጀመሪያው ሌሊት ኤንሴናዳ ወይም ሳን ኪንቲን። ሁለተኛው ካታቪኛ፣ በረሃው መሃል። ሦስተኛው ጌሬሮ ኔግሮ። ከዚያ ሳን ኢግናሲዮ፣ ከዚያ ኮንሴፕሲዮን የተባለው የባሕር ወሽመጥ። እዚያ ስትደርሱ እቅዱን የምትጥሉት ራሳችሁ ናችሁ። ሁለት ቀን ብዬ ገብቼ ስድስት ቀን ቆይቻለሁ።

መንገዱ ያን ያህል ያስፈራል?

ሒሳቡን እንሥራው። በአሮጌው ክፍል መንገዱ ለሁለቱም አቅጣጫ በድምሩ ወደ 6 ሜትር ገደማ ስፋት ነው ያለው። ለእናንተ የሚደርሳችሁ 3 ሜትር ነው። ትልቅ ሞተርሆም 2.5 ሜትር ይሰፋል። በግራና በቀኝ ስፖኪዮ ጨምሩበት። ከፊት የሚመጣው ተሳቢም የዚያኑ ያህል ነው። መንገዱ ዳር የሚባል ነገር የለውም። አስፋልቱ ከመሬቱ ከፍ ብሎ ስለተሠራ ጎማችሁ ከጠርዙ ከወረደ መመለሱ ከባድ ነው፤ መኪናው ሊገለበጥም ይችላል።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ላይ ከኤል ሮሳሪዮ ወጣ እንዳልኩ የግራ ስፖኪዮዬ ከአንድ ከባድ መኪና ስፖኪዮ ጋር ተሳሳመ። ድምፁ የጥይት ያህል ነበር። እሱም አልቆመም፤ እኔም የምቆምበት ቦታ አልነበረኝም። ስፖኪዮውን በፕላስተር ጠቅልዬ አስሬ ሁለት ቀን ነዳሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሰፊውን የአሜሪካ ሀይዌይ የለመደ ሰው ሳያስበው ወደ መሃል ይጠጋል።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ከፊት ከባድ መኪና ሲመጣ እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳለሁ። ዓይኔን መኪናው ላይ ሳይሆን በቀኝ ያለው ነጭ መስመር ላይ አደርጋለሁ። ሰው ዓይኑ ወዳለበት ነው የሚነዳው። ጥሩ ሾፌር ከሆነ እሱም ይቀንሳል። ተላልፈን ስናበቃ እጅ መነሳሳት አለ፤ አገር ቤት የክፍለ ሀገር ሹፌሮች መብራት እንደሚሰጣጡት ማለት ነው። ፍጥነቴ ከ80 አያልፍም። ከኋላዬ የተሰለፈ ካለ ሰፊ ቦታ ሳገኝ ወጥቼ አሳልፋለሁ።

ሌላው ጎርፍ መሻገሪያ ነው፤ በስፓኒሽ «ባዶ» ይሉታል። ድልድይ በመሥራት ፈንታ አስፋልቱን በደረቁ ወንዝ ውስጥ ያወርዱታል። በፍጥነት ከገባችሁበት የመኪናው ኋላ መሬት ይመታል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ሰሃን ሁሉ ይወርዳል። ዝናብ ከዘነበና ውሃ ካለበት ቆማችሁ ጠብቁ። በየመንደሩ መግቢያ ደግሞ «ቶፔ» የሚባል የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ምልክት ያለው አለ፣ የሌለው አለ። የሌለውን የምታውቁት ራሳችሁ ጣሪያ ሲመታ ነው።

ቁልቁለቱን አትርሱ። ከሳን ኢግናሲዮ ወደ ሳንታ ሮዛሊያ ስትወርዱ «ኩዌስታ ዴል ኢንፊዬርኖ» የሚሉት አለ፤ የሲኦል ቁልቁለት እንደ ማለት። የዓባይ በረሃን በአውቶብስ የወረደ ሰው አይደነግጥም። ግን ማርሽ ቀንሱ፤ ፍሬን ብቻ ይዛችሁ አትውረዱ። ይጋያል።

ማታ መንዳትስ?

አይሆንም። አንድም ቀን አይሆንም። የግጦሽ መሬቱ አጥር ስለሌለው ከብቱ እንደልቡ ነው። ሲመሽ አስፋልቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ስለሚያቆይ ላሙም ፈረሱም እዚያው ይቆማል። ጥቁር ላም፣ ጥቁር አስፋልት፣ መብራት የለም። የኋላ መብራት የሌለው መኪናም ታገኛላችሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራት የምታድሩበት ቦታ ደርሳችሁ ካልቆማችሁ ጠዋት ዘግይታችሁ ነው የወጣችሁት።

ከፊቴ ያለው ከባድ መኪና የግራ ፍሬቻ አበራ። ምን ማለቱ ነው?

ብዙውን ጊዜ «ከፊት ነጻ ነው፣ እለፍ» ማለቱ ነው። አንዳንዴ ግን በእርግጥ ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው። አጠገባችሁ መታጠፊያ ካለ ጠብቁ። ማለፍ ያለባችሁም በዓይናችሁ አይታችሁ እንጂ የሰው ፍሬቻ አምናችሁ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። እናንተ ወደ ግራ ለመታጠፍ ፍሬቻ ስታበሩ ከኋላ ያለው ሰው «እለፍ አለኝ» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ገጠር መንገድ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ ከፈለጋችሁ፣ ቦታ ካለ በቀኝ ወጥታችሁ ቁሙ፤ ሁሉም ሲያልፍ ተሻገሩ።

ነዳጅ አያልቅብንም?

ኤል ሮሳሪዮ ላይ ሞልታችሁ ከወጣችሁ አያልቅባችሁም። ከኤል ሮሳሪዮ ቀጥሎ በደንብ የምትተማመኑበት ማደያ ቪያ ሄሱስ ማሪያ ነው፤ ጌሬሮ ኔግሮ ልትደርሱ ስትሉ ያለ መንደር ነው። በመካከሉ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። በ100 ኪሎ ሜትር 28 ሊትር የሚጠጣ ሞተርሆም ለዚህ ብቻ ወደ 90 ሊትር ይፈልጋል። የንፋስ ግፊትና ዳገት ሲጨመር 100 ብላችሁ አስቡ። ካታቪኛ ላይ ሰዎች ከበርሜል በጄሪካን ቤንዚን ይሸጣሉ። ዋጋው ከማደያ ይወደዳል፤ ቢሆንም ስንቱን ከመንገድ አንስቷል።

ጄነሬተር ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ሞተርሆሞች ላይ ታንኩ ሩብ ገደማ ሲደርስ ጄነሬተሩ ራሱ ይጠፋል። መኪናው መንዳት እንዲችል ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ተበላሸ ብላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ስትፈቱ እንዳታድሩ። እኔ አድሬያለሁ።

ማደያ ላይ የሚቀዳው ሠራተኛ ነው፤ ራሳችሁ አትቀዱም። ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩ ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። ፔሶ በጥሬው ያዙ፤ የካርድ ማሽኑ «ኔትወርክ የለም» ማለት ይወዳል። አረንጓዴው መደበኛ ቤንዚን ነው፣ ቀዩ ፕሪሚየም፣ ጥቁሩ ናፍጣ። የአሜሪካን ማደያ የለመደ ሰው እዚህ ይሳሳታል፤ እዚያ አረንጓዴ እጀታ ብዙ ጊዜ የናፍጣ ነው።

ደህና ነው ወይ? እውነቱን ንገረን።

እውነቱ ሁለት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ አሜሪካኖችና ካናዳውያን ጡረተኞች በየክረምቱ (የፈረንጁን ክረምት፣ ብርዱን ወቅት ማለቴ ነው) ሞተርሆማቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ ብዙዎቹ ከፀሐይ ቃጠሎ በቀር ምንም ሳይነካቸው ይመለሳሉ። በሌላ በኩል በ2024 ኤፕሪል ከኤንሴናዳ በስተደቡብ ጭር ያለ የባሕር ዳርቻ ላይ ድንኳን ተክለው የነበሩ ሦስት የውጭ ቱሪስቶች ተገድለዋል። ይህን ሳልነግራችሁ ሂዱ ብል ውሸታም ነኝ።

ከዚህ የወሰድኩት ትምህርት ቀላል ነው። ከድንበሩ እስከ ኤል ሮሳሪዮ ባለው ሰሜናዊ ክፍል ብቻዬን ጭር ያለ ቦታ አላድርም። አጥርና ዘበኛ ያለው የካምፕ ቦታ እገባለሁ። ድንበር ከተሞች ውስጥ አልንቀዋለልም። ወደ ደቡብ ስወርድ ዘና እላለሁ፤ ያኔም ግን ሌሎች መኪኖች ያሉበት አካባቢ ነው የማድረው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስለ ሁለቱ ስቴቶች ለየብቻ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ከመውጣታችሁ በፊት አንብቡት።

ወታደሮች ያስቆማሉ ይባላል?

አዎ፣ ደጋግመው። አብዛኞቹ ፂማቸው ገና ያልወጣ ልጆች ናቸው። የሚፈልጉት መሣሪያና ዕፅ ነው። ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ ይላሉ፤ ገብተው ቁም ሳጥን ይከፍታሉ። የፀሐይ መነጽር አውልቁ፣ ሰላም በሉ፣ አብራችሁ ግቡ። ገንዘብ አይጠይቁም። እኔ ቀዝቃዛ ውሃ እሰጣለሁ፤ በዚያ ሙቀት ለሰው ልጅ ነው።

ከባዱ ነገር ጥይት ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ቀርቶ አንዲት ጥይት ይዞ መገኘት ያሳስራል። አሜሪካ ውስጥ ተኩስ ልምምድ የምትሄዱ ቦርሳችሁን፣ ኪሳችሁን፣ የመኪናውን ጓዳ ሁሉ አራግፉ። መኪናውን ሁለተኛ እጅ ከገዛችሁት ደግሞ የፊተኛው ባለቤት የረሳውን ጭምር ፈልጉ።

ከተማ ውስጥ የትራፊክ ፖሊስ ካስቆማችሁና «እዚሁ እንጨርሰው» ካለ፣ በትሕትና «ጣቢያ ሄጄ ልክፈል» በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያ ያልቃል። ማስቆሚያው ግን ሁሌም ሰበብ አይደለም፤ «አልቶ» የሚል ቀይ ሰሌዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ቁሙ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት መሄድ ይቻላል?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላለው ሰው ሜክሲኮ ቪዛ ትጠይቃለች። ነገር ግን የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም ያልተቃጠለ የአሜሪካ ቪዛ ካላችሁ የሜክሲኮው አያስፈልግም። የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የጃፓንና የሸንገን አገሮች ቪዛ ወይም ቋሚ መኖሪያ ፈቃድም ይሠራል። ፓስፖርታችሁ ግን የጸና ይሁን፤ ግሪን ካርድ ብቻውን አይበቃም።

የቱሪስት ፈቃድ ማውጣትም አለባችሁ። እስከ 180 ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ ስንት ቀን እንደሚጻፍላችሁ የሚወስነው መኮንኑ ነው። ችግሩ ድንበሩ ላይ ማንም አያስቆማችሁም። መኪናው ዝም ብሎ ያልፋል። ራሳችሁ ዳር ይዛችሁ፣ ወርዳችሁ፣ ቢሮ ገብታችሁ ነው ማኅተም የምታስመቱት። ሳያስመታ ያለፈ ሰው ደቡብ ላይ ሲጠየቅ ይጨነቃል።

የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያልተወሰነላችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ ጠበቃችሁን ሳታማክሩ ይህን ድንበር እንዳትሻገሩ። መውጣቱ አምስት ደቂቃ ነው፤ መመለሱ ላይኖር ይችላል። እዚያ የሚታየው ዓሣ ነባሪ የትም አይሄድም፣ ሌላ ዓመት ታዩታላችሁ።

የአሜሪካ ኢንሹራንሴ አይሠራም?

ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የሜክሲኮ ሕግ አያውቀውም። የሜክሲኮ ኢንሹራንስ በኦንላይን በቀን፣ በወር ወይም በዓመት ይገዛል። ያለሱ ሰው ከገጫችሁ ኃላፊነቱ እስኪጣራና ካሳው እስኪረጋገጥ ልትታሰሩ ትችላላችሁ። ሞተርሆሙ የኪራይ ከሆነ መጀመሪያ ውሉን አንብቡ። ብዙ አከራዮች ሜክሲኮ መግባት ጨርሶ ይከለክላሉ፤ የሚፈቅዱት በጽሑፍ ይስጧችሁ።

ምን ዓይነት መኪና ይሻላል?

ትንሽ። ቫን ወይም እስከ 7 ሜትር ያለ ሞተርሆም። አውቶብስ የሚያህለውን ይዘው የሚወርዱ አሉ፤ ይደርሳሉም። ግን ሳን ኢግናሲዮ አደባባይ ላይ ሲዞሩ ላብ በላብ ሆነው ነው የማያቸው። ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክና የጎማ መንፊያ አይቅር። «ያንቴራ» የሚል የተቀባ ጎማ ዳር ላይ ከተሰቀለ እዚያ ጎሚስታ አለ ማለት ነው። ዋጋቸው ርካሽ፣ እጃቸው ፈጣን ነው።

አሸዋ ላይ ደግሞ አትድፈሩ። ጥሩ ቫን ይዞ ባሕሩ አፍ ድረስ የሄደ ጎረቤት አይታችሁ አትከተሉ። መጀመሪያ በእግራችሁ ሂዱበት። ጫማችሁ ከሰመጠ አራት ቶን መኪና ምን እንደሚሆን አስቡት።

ውሃና ሽንት ቤትስ?

የቧንቧ ውሃ ለእቃ ማጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አትውሰዱ። በየከተማው «ፑሪፊካዶራ» የሚባሉ የተጣራ ውሃ መሸጫዎች አሉ፤ 20 ሊትር የሚይዘውን ጋሎን በትንሽ ፔሶ ይሞላሉ። ኮንሴፕሲዮን ዳርቻዎች ላይ ንጹሕ ውሃ የለም፤ ሞልታችሁ ግቡ።

የሽንት ቤቱን ታንክ የምታራግፉበት ቦታ ጥቂት ነው። ቦታ ባገኛችሁ ቁጥር፣ ባይሞላም አራግፉ። በረሃው ላይም ባሕሩ ዳርም ማፍሰስ ነውር ነው። መጥተን የምናየው ባሕር እኮ ነው።

መቼ እንሂድ?

ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል። የፈረንጁ በጋ፣ ሙቀቱ ወቅት፣ በተለይ ሙሌጄና ሳንታ ሮዛሊያ በኩል አይቻልም፤ ሙቀቱ ከወበቅ ጋር ነው። ኦገስትና ሴፕቴምበር ደግሞ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። በ2014 ሴፕቴምበር ኦዲል የተባለው ካቦን አፈራርሷል። በክረምትም ቢሆን በኮርቴዝ ባሕር በኩል የሰሜን ንፋስ ሲነሳ ለቀናት ይነፍሳል። ያኔ መኪናውን ፊቱን ወደ ንፋሱ አድርጋችሁ አቁሙና መጽሐፍ አንብቡ።

በጾም ምን እንበላለን? አሳማስ?

ይህን የሚጠይቅ አስጎብኚ መጽሐፍ አላየሁም፤ እኛ ግን ሁላችንም እንጠይቃለን። ባቄላ አለ፣ ሩዝ አለ፣ አቮካዶ አለ፣ ጾመኛ ይጠግባል ትላላችሁ። ተጠንቀቁ። የተፈጨው ባቄላ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው። የስንዴ ቶርቲያ የሚሉት ቂጣም እንዲሁ። የበቆሎው ቶርቲያ አብዛኛውን ጊዜ በቆሎ፣ ውሃና ኖራ ብቻ ነው። ቃሉን ያዙ፦ «ማንቴካ» የአሳማ ስብ፣ «ማንቴኪያ» ቅቤ። ልዩነቷ ትንሽ ናት፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ታሳስታለች። «ሲን ማንቴካ» ካላችሁ «ያለ ስብ» ማለት ነው።

ኤንሴናዳ ላይ የዓሣ ታኮ ሳትበሉ አትለፉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። ዘይቱን ግን ጠይቁ።

ከቤት ደግሞ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ያዙ። ድርቆሽ ለበረሃ የተፈጠረ ምግብ ነው፤ ፍሪጅ አይፈልግም፣ መንገድ አይሰባብረውም፤ ተሰባብሮ ነው የመጣው። ፍራፍሬ ግን አታከማቹ። ሁለቱ ስቴቶች ድንበር ላይ የእርሻ ተቆጣጣሪዎች ብርቱካንና ሎሚ ይወስዳሉ። የመኪናችሁን ሆድ መድኃኒት ረጭተው ትንሽ ክፍያም ይቀበላሉ።

ሞተርሆም ውስጥ ቡና ማፍላት ይቻላል?

በጋዙ ምድጃ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ይቻላል። ከሰል ግን በፍጹም መኪናው ውስጥ አታንድዱ። ለዕጣን ብላችሁም ቢሆን። ሞተርሆም ትንሽ ሳጥን ነው፤ የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ያስቀራችኋል። ከሰሉን ውጭ፣ አሸዋው ላይ አቀጣጥሉት። ጀበናው እዚያ ሲጣድ ጎረቤት ካምፕ ያለው ካናዳዊ ሽማግሌ ወንበሩን ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው ሳይደርስ የሄደ የለም።

በረሃ ብቻ አይደለም እንዴ? ምን የሚታይ አለ?

ከኤል ሮሳሪዮ አልፋችሁ ሽቅብ ስትወጡ ሲሪዮ የሚባለው ዛፍ ይቀበላችኋል። ቅርንጫፍ የለሽ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ አበባ ያለው። ከባሃና ከባሕሩ ማዶ ካለው የሶኖራ ስቴት ትንሽ ጥግ በስተቀር ሌላ ቦታ አይበቅልም። ስፓኒሾቹ ሲሪዮ ያሉት የቤተ ክርስቲያን ሻማ ስለመሰላቸው ነው። እኔ ሳየው ጧፍ አልኩ። የበረሃው ኮረብታ ሙሉ ጧፍ ተተክሎበት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጫፉ እየቀላ። አጠገቡ ካርዶን የሚባለው ግዙፍ ቁልቋል አለ፤ ከቤት ይረዝማል። ካታቪኛ ላይ ሁለቱ በትላልቅ ክብ ቋጥኞች መሃል ይቆማሉ። ሌሎች ሰዎች በዚህ ቦታ ነዳጅ ለመቅዳት ብቻ ይቆማሉ፤ እኔ ብሆን አንድ ሌሊት አድርበታለሁ።

ሁለቱ ስቴቶች የሚዋሰኑበት 28ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግዙፍ የሜክሲኮ ባንዲራ ከሩቅ ይታያል። ንስሩ የቆመበትን ቁልቋል ልብ ብላችሁ እዩት። በለስ ነው። አዲግራት መንገድ ዳር እየተላጠ የሚሸጠው በለስ የዘር ሐረጉ ከዚህ አገር ነው።

ከባንዲራው ሥር ያለችው ጌሬሮ ኔግሮ የጨው ከተማ ናት። የጨው ኩባንያው የተቋቋመው በ1954 ሲሆን ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የባሕሩን ውሃ ወደ ሰፋፊ ገንዳ ያስገባሉ፣ ቀሪውን ፀሐይና ንፋስ ይሠሩታል። ጨዉን የሚያፍሱት በማሽን ነው። ዳሎል ላይ አፋሮች በመጥረቢያና በዱላ የሚያወጡትን አሞሌ ያየ ሰው ዝም ብሎ ቆሞ ያያል።

እዚያው ኦሆ ዴ ሊዬብሬ የሚባል ሐይቅ መሰል የባሕር ወሽመጥ አለ። ከዲሴምበር አጋማሽ ጀምሮ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ከአርክቲክ አካባቢ ወርደው እዚህ ይወልዳሉ። ደርሶ መልሱ ከ16,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ1857 ቻርልስ ስካመን የተባለ አሜሪካዊ ካፒቴን ይህን ቦታ አገኘና እናቶቹን ከነልጆቻቸው መግደል ተጀመረ። የከተማዋ ስም ራሱ እዚያው በ1858 ከሰጠመ የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ የመጣ ነው፤ ጥቁር ተዋጊ ማለት ነው። አሁን አካባቢው የተጠበቀ ነው፤ ዩኔስኮ በ1993 መዝግቦታል። ፈቃድ ባለው ጀልባ ትወጣላችሁ። እናቲቱ ልጇን እየገፋች ወደ ጀልባው ታመጣዋለች። ሰው እጁን ዘርግቶ ይነካዋል። ቆዳው የተላጠ እንቁላል ይመስላል። ያን ሁሉ ከሠራንባቸው በኋላ ለምን እንደሚቀርቡን አልገባኝም። ምርጡ ጊዜ ፌብሩዋሪና ማርች ነው።

ሳን ኢግናሲዮ በበረሃው መሃል የተምር ጫካ ነው። ዬሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ መነኮሳት በ1728 የመሠረቱት ሚስዮን አለው፤ አሁን የቆመው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በ1786 ያለቀ ነው። ሳንታ ሮዛሊያ ደግሞ ፈረንሳዮች በ1885 ለመዳብ ያቋቋሟት ከተማ ናት፤ ቤቶቿ እንጨት፣ ቤተ ክርስቲያኗ ብረት። ዳቦ ቤቷ እስከ ዛሬ ይጋግራል። ሎሬቶ ላይ የመላው ካሊፎርኒያ የመጀመሪያ ሚስዮን አለ፣ 1697። ካቦን ተዉት፤ ሆቴልና ጫጫታ ነው።

ሰዓት ይቀየራል?

በክረምት አዎ፤ ደቡቡ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። በበጋ እኩል ናቸው። የጀልባ ቀጠሮ ያላችሁ ይህን ረስታችሁ እንዳታረፍዱ። የኪሎ ሜትር ሰሌዳዎቹም ግራ ያጋባሉ፤ ደቡቡ ስቴት ውስጥ ወደ ታች ስትነዱ ቁጥሩ እየቀነሰ ነው የሚሄደው።

ስልክ ይሠራል?

ከተማ ውስጥ ይሠራል። ከኤል ሮሳሪዮ እስከ ጌሬሮ ኔግሮ አብዛኛው ቦታ አይሠራም። ካርታውን አስቀድማችሁ ስልኩ ላይ አውርዱ፣ የት እንዳላችሁም ለቤተሰብ ንገሩ። «ሁለት ቀን ካልደወልኩ አትደንግጡ» ብላችሁ ካልወጣችሁ እናቶቻችን ምን እንደሚሆኑ ታውቃላችሁ።

መኪና ቢበላሽ ማን ይደርስልናል?

«አንሄሌስ ቬርዴስ» የሚባሉ የመንግሥት ጥገና መኪኖች አሉ፤ አረንጓዴ መላእክት ማለት ነው። ቁጥራቸው 078 ነው። ለጉልበታቸው አያስከፍሉም፤ የዕቃና የነዳጅ ትከፍላላችሁ። ስልክ በማይሠራበት ቦታ ኮፈኑን ክፈቱና ቁሙ። የመጀመሪያው ከባድ መኪና ካልቆመ ሁለተኛው ይቆማል። በዚያ በረሃ ሰው ጥሎ መሄድ የለም።

በመርከብ ወደ ዋናው ሜክሲኮ መሻገር ይቻላል?

ከላ ፓዝ ወደ ማሳትላንና ቶፖሎባምፖ ፌሪ አለ፤ ሞተርሆም ይጭናል። ባሃ ውስጥ ለመኪናው የማያስፈልገው ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድ ግን ለዚህ ያስፈልጋል።

ስንመለስ ድንበሩ ላይ ምን ይጠብቀናል?

ወረፋ። ሳን ኢሲድሮ፣ ኦታይ ሜሳና ቴካቴ ምርጫዎቻችሁ ናቸው፤ እሑድ ከሰዓት ሁሉም ይብሳሉ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ በጠዋት ድረሱ። ፍራፍሬና ጥሬ ሥጋ ጨርሱ ወይም ስጡ፤ ያላችሁን ሁሉ በግልጽ ተናገሩ። ሦስት ሰዓት ብትጠብቁም አትናደዱ። በዚያ ሁሉ መኪና መሃል ሽንት ቤቱን ይዞ የተሰለፈው እናንተ ብቻ ናችሁ።